አንድ የኤክስኤምኤል ሰነድ በበርካታ ስታይልሺቶች፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ሰነዱ የአንድ ማሽን የጥገና መመሪያ ነው። አንድ የኤክስኤምኤል (ይዘትን ስም ባላቸው ታጎች የሚከፋፍል የጽሑፍ ቅርጽ) ፋይል ሲሆን፣ በውስጡ ምዕራፎች፣ ቅደም ተከተል ያላቸው እርምጃዎች፣ ማስጠንቀቂያዎችና ወደ መለዋወጫ ዕቃዎች የሚጠቁሙ ማጣቀሻዎች አሉት። ከዚህ ፋይል አራት ውጤት ይፈለጋል፦ ሙሉው የድረ ገጽ ቅጂ፣ እርምጃዎችንና ማስጠንቀቂያዎችን ብቻ የያዘ አጭር ገጽ፣ ለኅትመት የሚሆን ፒዲኤፍ እና የመለዋወጫ ዝርዝር። እስካሁን ይህን ሁሉ የሚሸከመው አንድ ስታይልሺት፣ ማለትም ሰነዱ ወደ ሌላ መልክ እንዴት እንደሚለወጥ በኤክስኤስኤልቲ ቋንቋ የሚያዝ ፋይል ነበር። በየቴምፕሌቱ (ለአንድ ዓይነት የሰነዱ ክፍል የተጻፈ የለውጥ ደንብ) ውስጥ «ለኅትመት ከሆነ ይህን፣ ለድረ ገጽ ከሆነ ያንን» የሚሉ ሁኔታዎች ተደራርበውበት አንዱን ጥግ ሲያስተካክሉት ሌላው ጥግ ይፈርሳል። ስለዚህ መከፋፈል አለበት።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መለየት ያለበት ነገር አለ። አንድን ሰነድ በበርካታ ስታይልሺቶች መለወጥ ሲባል ሦስት ዓይነት ሥራ ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ሁሉም ስታይልሺቶች ያንኑ ምንጭ አንብበው እያንዳንዱ የራሱን ውጤት ሲያወጣ ነው። ሁለተኛው ቅብብል ነው፤ የመጀመሪያው ውጤት ለሁለተኛው ምንጭ ይሆናል። ሦስተኛው በኢምፖርት (አንዱ ስታይልሺት ሌላውን እንዲያስገባ በማዘዝ) መደራረብ ነው፤ ብዙ ፋይሎች እንደ አንድ ስታይልሺት ሆነው በአንድ ዙር ይሠራሉ። ለዚህ ሰነድ ሦስቱም ያስፈልጋሉ፣ ግን በየቦታቸው።

ሁለት መስመር በሰነዱ ራስ ላይ

በጣም ቀላል የሚመስለው መንገድ በሰነዱ መጀመሪያ ላይ ሁለት «ኤክስኤምኤል-ስታይልሺት» የሚሉ መመሪያዎችን አስከትሎ መጻፍ ነው። ሞከርኩት። የሁለተኛው ስታይልሺት ሥራ የመጀመሪያውን ውጤት ሲነካ አልታየም።

ምክንያቱ በደንቡ ውስጥ አለ። ስታይልሺትን ከሰነድ ጋር የሚያያይዘው የወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ደንብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1999 የወጣ ሲሆን፣ ቅብብልን አያውቅም። ሚዲያ፣ ታይትልና አልተርኔት የሚሏቸው መለያዎች ያሉት ከብዙ አማራጮች አንዱን ለመምረጥ ነው። የጃቫ የትራንስፎርሜሽን ኢንተርፌስም ብዙ ስታይልሺቶች ከተገኙ በአንድ ስታይልሺት ውስጥ እንደተዘረዘሩ ኢምፖርቶች እንደሚቆጠሩ በግልጽ ይናገራል። ማለትም ሁሉም የሚያዩት የመጀመሪያውን ምንጭ ነው። መስመሮቹን አጠፋኋቸው። የቅደም ተከተሉ ውሳኔ ሰነዱ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ሰነዱ ስለ ማሽኑ ብቻ ይናገር።

የስም ለውጥ ደረጃ

የሰነዱ ኤለመንቶች (በታግ የተከበቡ ክፍሎች) ስማቸው አማርኛ ነው፦ ምዕራፍ፣ እርምጃ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ዕቃ። ስታይልሺቶችን ከሚያስኬዱት ሁለት ፕሮሰሰሮች አንዱ፣ ኤክስኤስኤልቲፕሮክ፣ ያለ ችግር ያነባቸዋል። ሌላው፣ በጃቫ የሚሠራው ሳክሰን፣ ግን ገና ሰነዱ ሲከፈት ስሙ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ቆመ። ጉዳዩ የሳክሰን ሳይሆን ከጃቫ ጋር የሚመጣው ፓርሰር (ፋይሉን አንብቦ የሚተነትነው ክፍል) ነው። ኤክስኤምኤል 1.0 በ1998 ሲወጣ ለስም የተፈቀዱትን ፊደላት የወሰደው ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮድ ዝርዝር) 2.0 ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው ደግሞ በ3.0 ነው። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ በኤለመንት ውስጥ ሲፈቀድ የአማርኛ ስም ግን አይፈቀድም ነበር። ይህ የተስተካከለው በ2008 በወጣው አምስተኛው እትም ነው። አዲሱን እትም የሚከተለው ፓርሰር ይቀበላል፣ በአሮጌው ሠንጠረዥ የሚሄደው አይቀበልም።

የአማርኛ ስሞቹን መተው አልፈለግሁም። መመሪያውን የሚጽፉት ሰዎች የሚያነቡትና የሚያርሙት በእነዚህ ስሞች ነው፤ የፕሮሰሰር ምቾት የእነርሱን ሥራ ማክበድ የለበትም። ስለዚህ የቅብብሉ የመጀመሪያ ደረጃ ስም መለወጥ ሆነ። በኤክስኤስኤልቲፕሮክ ይሠራል፤ የስሞቹን ጥንድ ከሌላ ትንሽ ፋይል በ«ዶኩመንት» ፈንክሽን ያነባል፤ የቀረውን ሁሉ እንዳለ ይቀዳል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ደረጃዎች የሚያዩት በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም ቢሆንም በዚህ ማስታወሻ በአማርኛው መጥራቴን እቀጥላለሁ።)

እዚህች ትንሽ ስታይልሺት ውስጥ አንድ መታየት ያለበት ነገር አለ። እንዳለ የሚቀዳው ቴምፕሌት ማንኛውንም ኖድ (ኤለመንት፣ ጽሑፍ ወይም ሌላ የሰነዱ ቁራጭ) ይይዛል፤ ስም የሚለውጠው ደግሞ በኮከብ ምልክት ማንኛውንም ኤለመንት ይይዛል። ሁለተኛው ጠበብ ያለ ስለሚመስል ያሸንፋል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ነገር ግን የሁለቱም ቅድሚያ እኩል፣ ከዜሮ በታች 0.5 ነው። በኤክስኤስኤልቲ ስሪት 1.0 ደንብ መሠረት ይህ ስህተት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ስህተቱን ማሳወቅ ወይም በፋይሉ ውስጥ መጨረሻ ላይ የተጻፈውን መምረጥ ይችላል። በቴምፕሌቶቹ ቅደም ተከተል ላይ የተመሠረተ ውጤት አንድ ሰው ፋይሉን ሲያስተካክል ይሰበራል። ስለዚህ ስም ለሚለውጠው ቴምፕሌት ቅድሚያ 1 ብዬ በግልጽ ሰጠሁት።

የቁጥር ደረጃ

ሁለተኛው ደረጃ ለምዕራፎችና ለእርምጃዎች ቁጥር ይሰጣል፣ የዕቃ ማጣቀሻዎችን በዕቃው ስም ይተካል። የመጀመሪያው ውጤት ይህ ነበር፦

2. መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ምንጩ ያላቅቁ
4. አራቱን ብሎኖች ይፍቱ
6. ክዳኑን ያንሱ

በተጋማሽ ቁጥር (2፣ 4፣ 6) ብቻ የሚሄድ ዝርዝር ሲታይ ጥርጣሬው ወዲያውኑ ወደ ባዶ ቦታ መሄድ አለበት። የመጀመሪያው ደረጃ ውጤቱን ለዓይን እንዲመች በኢንደንት (መስመሮችን ወደ ውስጥ ገባ እያደረገ) እየጻፈ ነበር። በእያንዳንዱ እርምጃ መካከል ያለው የመስመር መዝለያና ክፍተት ለቀጣዩ ደረጃ የጽሑፍ ኖድ ነው፤ የቦታን ቁጥር የሚሰጠው «ፖዚሽን» ፈንክሽን ደግሞ ሁሉንም ኖድ ይቆጥራል። አንደኛ ክፍተት፣ ሁለተኛ እርምጃ፣ ሦስተኛ ክፍተት፣ አራተኛ እርምጃ እያለ ይሄዳል።

ሁለት መፍትሔ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ባዶ ክፍተትን የሚያስወግደውን «ስትሪፕ-ስፔስ»ን በኮከብ ምልክት ለሁሉም ኤለመንቶች ማዘዝ ነበር። ቁጥሮቹ ተስተካከሉ፣ አንቀጾቹ ግን ተበላሹ። በአንቀጽ ውስጥ ሁለት የዕቃ ማጣቀሻዎች በአንድ ባዶ ቦታ ብቻ ተለያይተው ሲቆሙ ያች ክፍተት ብቻዋን የጽሑፍ ኖድ ናት፤ ስትጠፋ ሁለቱ ስሞች ተጣበቁ። በጥገና መመሪያ ውስጥ የሁለት ዕቃዎች ስም እንደ አንድ ሲነበብ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ክፍተት የሚወገድባቸውን በስም ዘረዘርኩ፦ ምዕራፍ፣ ክፍል፣ እርምጃዎች፣ ሠንጠረዥ። አንቀጽና ማስጠንቀቂያ አይነኩም።

ሁለተኛው እርማት በመካከል ባሉ ደረጃዎች ኢንደንትን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው። ፋይሉን በዓይን ማየት ስፈልግ ቅጂውን በኤክስኤምኤልሊንት (የኤክስኤምኤል መመርመሪያ መሣሪያ) የፎርማት ትእዛዝ አየዋለሁ፤ ቀጣዩ ደረጃ የሚያነበው ግን ያልተነካውን ነው። ቁጥሩንም ከ«ፖዚሽን» ወደ «ነምበር» ኤለመንት አዛወርኩት፤ እርሱ የሚቆጥረው እርምጃዎችን ብቻ ነው።

የሞቱ አገናኞች

በድረ ገጹ ላይ «ምዕራፍ 4ን ይመልከቱ» የሚለው አገናኝ ሲጫኑት የትም አይሄድም። የአገናኙ መዳረሻና የአገናኙ አድራሻ ሁለቱም ለኖድ መለያ ከሚፈጥረው «ጀነሬት-አይዲ» ፈንክሽን የተገኙ ናቸው፤ በአሮጌው ብቸኛ ስታይልሺት ውስጥ በደንብ ይሠሩ ነበር። አሁን ግን መዳረሻውን የሚጽፈው ሁለተኛው ደረጃ፣ አድራሻውን የሚያሰላው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ፈንክሽኑ የሚሰጠው መለያ ለዚያች ዙር ብቻ የሚታመን ነው፤ ዛፉ (ፕሮሰሰሩ ያነበበውን ሰነድ የሚይዝበት ቅርጽ) እንደ አዲስ ሲነበብ ያንኑ መለያ እንዲደግም ደንቡ አያስገድድም። በአንድ ዙር ውስጥ እውነት የነበረው ነገር በቅብብሉ መሐል ከመንገድ ቀረ።

መለያ በአንድ ደረጃ ብቻ ይፈጠር፣ በኤለመንቱ ታግ ውስጥ በአትሪቢዩት ይጻፍ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ያንብቡት እንጂ አያስሉት ብዬ ወሰንኩ። ከምዕራፍና ከእርምጃ ቁጥር መለያ መሥራት ቀላል ነው፤ ግን አንድ እርምጃ ሲጨመር ከሱ በታች ያሉት አድራሻዎች ሁሉ ይለወጣሉ። ስለዚህ ጸሐፊው መለያ ከሰጠ ያው ይያዛል፤ ካልሰጠ ብቻ ከቁጥሩ ይሠራል።

ዝም ብሎ የሚያልፈው ስህተት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው። ሦስተኛው ደረጃ የድረ ገጹን ሲያወጣ የምዕራፍ ርእሶቹ በትክክል ወጡ። እርምጃዎቹ ግን እንዲህ ሆኑ፦

1መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ምንጩ ያላቅቁ2አራቱን ብሎኖች ይፍቱ3ክዳኑን ያንሱ

ምንም የስህተት መልእክት የለም። ፕሮሰሰሩ በሰላም ጨርሷል። ጽሑፉ አለ፣ አቀማመጡ የለም። እንዲህ ዓይነት ውጤት ሲመጣ ኤለመንቶቹን የያዘ ቴምፕሌት አልተገኘም ማለት ነው፤ አብሮ የተሠራው ደንብ ኤለመንቱን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጽሑፉን ብቻ ይቀዳል።

ቴምፕሌቱ ግን ተጽፏል፤ ስሙም ልክ ነው። መካከለኛውን ፋይል ስከፍተው እያንዳንዱ <እርምጃ> የኤክስኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ቋንቋ) ኔምስፔስ፣ ማለትም ስሙ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚለይ አድራሻ፣ ተሸክሞ ተገኘ። የሁለተኛው ደረጃ ስታይልሺት ከአሮጌው የተቀዳ በመሆኑ ሥሩ ላይ ያ ኔምስፔስ ያለ ቅድመ ቅጥያ ታውጇል። በ«ኮፒ» የተቀዱት ምዕራፎች ከምንጫቸው የመጣውን ማንነት ይዘው አለፉ፤ በቴምፕሌቱ ውስጥ እንደ አዲስ የተጻፉት እርምጃዎች ግን በዚያ አዋጅ ሥር ወደቁ። ቀጣዩ ስታይልሺት ደግሞ ቅድመ ቅጥያ የሌለውን ስም የሚፈልገው ኔምስፔስ በሌላቸው ኤለመንቶች መካከል ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስም ይዘው ተላለፉ።

ስሪት 2.0 ለዚህ «ኤክስፓዝ-ዲፎልት-ኔምስፔስ» የሚባል አትሪቢዩት አለው፤ ቅድመ ቅጥያ የሌላቸው ስሞች የትኛው ኔምስፔስ ውስጥ እንዲፈለጉ ይወስናል። እኔ ግን ከዚህ የጠነከረ ነገር ፈለግሁ። የስም ለውጡ ደረጃ ሁሉንም ኤለመንቶች ወደ አንድ የራሳችን ኔምስፔስ እንዲያስገባ አደረግሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ስታይልሺቶች ሁሉ በቅድመ ቅጥያ ይጠሩታል፣ ያለ ቅድመ ቅጥያ የሚታወጅ ኔምስፔስ በመካከለኛ ደረጃዎች ውስጥ ክልክል ነው። ኤክስኤችቲኤምኤል የሚታወጀው በመጨረሻው ደረጃ ብቻ ሆነ።

በተጨማሪም ዝምታውን ለመስበር ጠባቂ ቴምፕሌት ጨመርኩ። በኮከብ ምልክት ማንኛውንም ኤለመንት ይይዛል፤ ከተጠራ የኤለመንቱን ስምና ኔምስፔስ በመልእክት አውጥቶ ሥራውን ያቆማል። የራሱ ቴምፕሌት ያለው ኤለመንት ቅድሚያው 0 ስለሆነ ጠባቂው ጋ አይደርስም።

መደራረብ

ሙሉው ገጽና አጭሩ ገጽ ብዙ ነገር ይጋራሉ። የጋራውን «የጋራ» ወደሚባል ስታይልሺት አወጣሁ፤ «ሙሉ» እና «አጭር» ኢምፖርት ያደርጉታል። ጠባቂውን ቴምፕሌት «ሙሉ» ውስጥ አስቀምጬ ሳስኬደው ገና በመጀመሪያው ኤለመንት ላይ ቆመ። የጋራው ፋይል ውስጥ ለምዕራፍ የተጻፈ ቴምፕሌት አለ፤ ጠባቂው ግን ቀደመው።

የኢምፖርትን ነገር በደንብ የሚያሳየው ይህ ነው። ፕሮሰሰሩ በመጀመሪያ የሚያወዳድረው የቅድሚያ ቁጥርን ሳይሆን የኢምፖርት ደረጃን ነው። ኢምፖርት ያደረገው ፋይል ውስጥ ያለ ቴምፕሌት፣ የቱንም ያህል ልቅ ቢሆን፣ ኢምፖርት በተደረገው ውስጥ ያለውን የቱንም ያህል ጠባብ ቴምፕሌት ያሸንፋል። የቅድሚያ ቁጥር የሚታየው በአንድ ደረጃ ላይ ባሉ መካከል ብቻ ነው። «ኢንክሉድ» ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ ይዘቱ በቦታው እንደተጻፈ ስለሚቆጠር ደረጃው እኩል ነው።

ጠባቂው የራሱ ፋይል ተሰጠው፤ «የጋራ» ኢምፖርት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከሁሉም በታች ተቀመጠ። ብዙ ኢምፖርቶች ሲደረደሩ ኋላ የተጻፈው ከፊተኛው እንደሚበልጥም ልብ ይሏል። በ1.0 እና በ2.0 ኢምፖርቶች ከሌሎች አዋጆች ሁሉ በፊት መምጣት አለባቸው፤ 3.0 ይህን ግዴታ አንስቷል።

«ሙሉ» ውስጥ ማስጠንቀቂያን በሳጥን መክበብ ፈለግሁ፤ ውስጡ ግን የጋራው እንደሚሠራው ይሠራ። ሳጥኑን ጽፎ በመሐሉ «አፕላይ-ኢምፖርትስ» ማለት በቂ ነበር። አሮጌው ስታይልሺት ይህንን ለማድረግ ቴምፕሌቱን ሁለት ጊዜ ይጽፈው ነበር። በመደራረብ የማገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፦ የማስጠንቀቂያ ይዘት የሚታረምበት ቦታ አንድ ብቻ ሆነ።

ሁሉንም በአንድ ሂደት

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ ፋይል ሳይጽፉ በአንድ ሂደት ማገናኘት ይቻል እንደሆነ አየሁ። በስሪት 1.0 የመጀመሪያውን ውጤት በተለዋዋጭ ውስጥ መያዝ ቢቻልም ያ ተለዋዋጭ እንደ ዛፍ አይጠየቅም፤ ወደ ኖዶች ለመቀየር «ኖድ-ሴት» የሚባለውን ከደንቡ ውጭ የሆነ ቅጥያ ፈንክሽን ይፈልጋል። በ2.0 ይህ ገደብ ቀርቷል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱ ስታይልሺቶች በአንድ አለቃ ስታይልሺት ሥር ሲገቡ ቴምፕሌቶቻቸው ይቀላቀላሉ። ሁለተኛው ደረጃ ሊይዘው የሚገባውን <እርምጃ> የሦስተኛው ደረጃ ቴምፕሌት ቀድሞ ይወስደዋል። መፍትሔው ለየደረጃው የራሱን ሞድ (የትኛው ቴምፕሌት በየትኛው ዙር እንደሚሠራ የሚለይ ስም) መስጠት ነው፤ ይህ ማለት በእያንዳንዱ ቴምፕሌትና በእያንዳንዱ «አፕላይ-ቴምፕሌትስ» ላይ ሞዱን መጻፍ፣ እንዳለ የሚቀዳውንም ቴምፕሌት ለየሞዱ መድገም ነው። አንዱ ላይ ሞዱ ከተረሳ ሥራው ወደ ሌላ ደረጃ ይሾልካል። በ3.0 ለአንድ ሞድ ያልተያዘ ኖድ እንዳለ ይቀዳ ብሎ በአንድ መስመር ማወጅ ስለሚቻል ቀለል ይላል፤ የኤክስፓዝ (ኤክስኤስኤልቲ የሰነድ ክፍሎችን የሚጠቁምበት ቋንቋ) 3.1 «ትራንስፎርም» ፈንክሽን ደግሞ ስታይልሺቶቹን ሳይቀላቅል አንዱን ከሌላው ውስጥ ያስጠራል። ለቅብብል ብቻ ተብሎ የተሠራ ኤክስፕሮክ የሚባል ቋንቋም አለ፤ ስሪት 1.0 ደንብ ሆኖ የወጣው በ2010 ነው።

እኔ በፋይል የሚሄደውን ቅብብል መረጥኩ፤ ደረጃዎቹን በተራ በሚያስኬደው በሜክ ፕሮግራም ይነዳል። እስካሁን የተገኙት ችግሮች ሁሉ የተገኙት መካከለኛውን ፋይል ከፍቶ በማየት ነው፤ በተለዋዋጭ ውስጥ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ የኔምስፔሱን ጉዳይ ለማግኘት በጭለማ መዳበስ ይሆን ነበር።

ወጪ

ለመሣሪያ ገንዘብ አልወጣም። ኤክስኤስኤልቲፕሮክ፣ የሳክሰን መነሻ እትም፣ ፒዲኤፍ የሚሠራው ኤፍኦፒ እና ሜክ ሁሉም ክፍት ምንጭ ናቸው። በክፍያ የሚገኘው የሳክሰን እትም ሰነድን እያፈሰሱ (ሙሉውን ሳይይዙ በቁራጭ በቁራጭ) ማንበብን ይጨምራል፤ ለዚህ መጠን ያለው ሰነድ አያስፈልግም። የኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ወጪ ግን መታሰብ አለበት፦ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሉውን ዛፍ በማስታወሻ ውስጥ ይሠራል፤ በፋይል ሲሄድ አንዱ ሲያልቅ ይለቀቃል፣ በአንድ ሂደት ሲሄድ ግን ብዙ ዛፎች አብረው ሊቆዩ ይችላሉ። በፋይል የመሄድ ዋጋ ደግሞ ደጋግሞ መጻፍና ማንበብ፣ እንዲሁም ጃቫን ለየደረጃው መቀስቀስ ነው። እቀበለዋለሁ።

በየመሐሉ ማጣራት

ለመካከለኛው ፋይል የሪላክስ ኤንጂ ስኪማ (ፋይሉ ምን መያዝ እንዳለበት የሚወስን ደንብ) ጻፍኩለት። እያንዳንዱ እርምጃ ቁጥርና መለያ እንዲኖረው፣ ሁሉም ኤለመንት በራሳችን ኔምስፔስ ውስጥ እንዲሆን ያስገድዳል። ሁለተኛው ደረጃ ሲያልቅ ኤክስኤምኤልሊንት ይመረምረዋል፤ ካለፈ ነው አራቱ ውጤቶች የሚጀምሩት። መካከለኛው ፋይል የሥራ ቁርጥራጭ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሰነድ ነው፤ እንደ ሰነድ መፈተሽ አለበት።

ሜክን በተመለከተ አንድ ነገር፦ ምርመራው ሲወድቅ ሜክ ይቆማል፣ የተበላሸው ፋይል ግን ዲስክ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራ ፋይሉ ከምንጩ አዲስ ስለሆነ የተሠራ መስሎት ያልፈዋል። «ዲሊት-ኦን-ኤረር» የሚባለውን ልዩ ኢላማ ሜክፋይሉ ውስጥ መጻፍ ይህን ይዘጋል፤ ያልተሳካው ውጤት ይሰረዛል።

ሁለት ቀሪ ነገሮች

አሮጌው ስታይልሺት አንዳንድ ታጎችን በጽሑፍ መልክ ጽፎ «ዲሴብል-አውትፑት-ኤስኬፒንግ» በሚለው ያሳልፋቸው ነበር። ያ ትእዛዝ የሚሠራው ውጤቱ ወደ ባይት ሲጻፍ ብቻ ነው፤ ዛፍ ለዛፍ በሚተላለፍበት ቦታ ትርጉም የለውም። ሁሉንም በእውነተኛ ኤለመንት ተካሁ። ሲዳታ ክፍሎችም (ታግ የሚመስል ነገርን እንደ ጽሑፍ የሚያስቀምጡት) ከመጀመሪያው ንባብ በኋላ ተራ ጽሑፍ ስለሚሆኑ በእነርሱ ላይ የሚመካ ነገር አልተውኩም።

ሁለተኛው የሥዕሎች አድራሻ ነው። በምንጩ ውስጥ ሥዕሎች የተጠቀሱት ከሰነዱ አቃፊ አንጻር ነው። ኤፍኦፒ ፒዲኤፉን ሲሠራ ግን የሚፈልጋቸው በመካከለኛው ፋይሎች አቃፊ ውስጥ ሆነና አላገኛቸውም። የመጀመሪያው ደረጃ የምንጩን አድራሻ ከትእዛዝ መስመር እንደ ፓራሜትር ተቀብሎ በሥሩ ኤለመንት ላይ በ«ኤክስኤምኤል፡ቤዝ» እንዲጽፈው አደረግሁ፤ የኅትመቱ ስታይልሺት ሙሉውን የሥዕል አድራሻ ከዚያ ተነሥቶ ይሠራል። ስኪማው ይህን አትሪቢዩት ስለማያውቅ ምርመራው ውድቅ አደረገው፤ በሥሩ ላይ ብቻ እንዲፈቀድ ጨመርኩበት። አሁን ሦስቱ ውጤቶች ይወጣሉ። የመለዋወጫ ዝርዝሩ በ«ፎር-ኢች-ግሩፕ» በዕቃ ቁጥር እየተመደበ ይሠራል፤ ያንኑ ዕቃ በሁለት የተለያየ ስም የሚጠሩ ምዕራፎች ግን ስላሉ ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ምንጩ ራሱ መታረም አለበት።